ጌትነት የጠፋበት ክረምት

ወንድሜ ጌትነት የሞተው በወባ ነው። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ከስንት ጥይት ተርፎ» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ እሰማ ነበር። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አላለቀስኩም። ለምን እንዳላለቀስኩ እስካሁን አላውቅም። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ሞቱ ሳይሆን ከአርባው በኋላ ቋራ ወርጄ ስላጋጠመኝ ነገር ነው። መጻፍ ብዙም አልችል። እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ መተማ ዮሐንስ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጆንያ እሰፋ ነበር። ሥራውን ያስገባኝ ጌትነት ነው። እሱ ጉልበቱን ተመትቶ በአስር አለቃነት ጡረታ ከወጣ በኋላ የዚያው መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ቤት ውስጥ ያለነው አባቴ፣ እሱና እኔ ነበርን። ሦስት ወንድ ብቻ ባለበት ቤት ብዙ ወሬ የለም። ጌትነት ማታ ወደ ጥበቃው ሲወጣ «በሩን» ይለኛል፤ እዘጋዋለሁ። ይኸው ነው።

በእኛ አገር ወታደር ሲሞት ልብሱን፣ ቀበቶውንና ሜዳዩን በለቅሶው መካከል አልጋ ላይ ያኖሩታል። አልቃሹ ሜዳዩን አንሥቶ ለሰው እያሳየ ያለቅሳል። የጌትነት አልጋ ላይ ልብሱና ቀበቶው ነበሩ፤ ሜዳይ አልነበረም። ከቀድሞ ጓዶቹ አንዱ ቁስለኞችን ከጦር ሜዳ ተሸክሞ ስላወጣ የታጨለት ሜዳይ የት እንደገባ ጠየቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሜዳዩ እንደተሰረዘበት፣ ጌትነት አንድ ክረምት ሙሉ ከክፍሉ ከድቶ ጠፍቶ እንደነበር ነገረው። አባቴ ከፊታቸው ነበር። ሰማ።

እስከ አርባው ድረስ ምንም አላለም። የአርባው ዕለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠራኝና፣ «ሥጋውን ቀብሬያለሁ» አለ። «ስሙ ግን ሜዳ ላይ ነው። ሂድና አንሣው።»

ጎንደር ሄድኩ። የወታደሮችን መዝገብ የሚይዘው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋቸው ሴትዮ በትሕትና ነው ያናገሩኝ። መዝገቡ ላይ ጌትነት ለጥቂት ቀን ፈቃድ ወጥቶ ክረምቱንና መኸሩን በሙሉ እንዳልተመለሰ ተጽፏል። በዚያ ምክንያት ያ ጊዜ ከአገልግሎቱ ተቀንሷል፤ ለሜዳይ ከታጩት ስም ዝርዝርም ወጥቷል። መዝገቡ ሊታረም ይችላል አሉኝ። ግን ያን ጊዜ የት እንደነበረና ለምን እንደቆየ፣ ያረፈበት ቤት ባለቤት በቀበሌ ፊት ቀርቦ መመስከር አለበት። ከዚያ ፋይሉን እያዩ፣ ይህንኑ ለራሱ ለጌትነትም ደጋግመው እንደነገሩት፣ እሱ ግን አንድም ቀን ምስክር ይዞ እንዳልመጣ ጨመሩልኝ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ወሬውን ሰምቼ አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ እንየው የሚባል ጓደኛው ሲሞት ለእናቱ መርዶ ሊያደርስ ቋራ ሄዶ እንደቆየ ነግሮኛል። እንየው ራሱ፣ ጌትነት ተሸክሞ ካወጣቸው ቁስለኞች አንዱ ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሞተው። ታዲያ እናቱ ለምን አይመሰክሩልህም አልኩት። «ተወው በቃ» አለኝ። ተውኩት።

ሐምሌ ነበር። ከገንዳ ውሃ ወደ ገለጉ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ጨው ጭኗል፤ ከጨው ጆንያው በላይ ለሰሊጥ አረም የወረዱ የጎጃም ልጆች ተጭነዋል። መኪናው በየዋልካው ጭቃ እየሰመጠ፣ እኛ እየወረድን እየገፋን፣ ሲመሽ ገና መንገድ ላይ ነበርን። ከልጆቹ አንዱ በጭቃ ተለውሶ፣ «እኛ አይደለንም የተሳፈርነው፤ እሱ ነው እኛ ላይ የተሳፈረው» እያለ ያስቃቸዋል። ጥቁር ልብሴን ሲያይ ግን ሳቁን ገታ። ኀዘንተኛ መኪና አይገፋም፣ አንተ ተቀመጥ አለኝ። ወርጄ ገፋሁ። መግፋቱ ይሻለኝ ነበር።

ገለጉ አድሬ፣ በማግስቱ መንገዳቸው ወደዚያ ከሆነ ገበሬዎች ጋር በእግሬ ወደ እንየው መንደር ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። መንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ አጥር ያጥራሉ። የእንየውን እናት ቤት ጠየቅኋቸው። ሰውዬው ፊቴን ሳይሆን ልብሴን ነው ያዩት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የጌትነት ወንድም ነኝ። የወታደሩ።»

«ይኼን ጥቁር ለማን ለበስከው?»

«ለእሱ።»

የያዙትን የአጥር እንጨት አስቀመጡ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝና በሩን ዘጉት። አያ ሙላት ይባላሉ፤ የእንየው አጎት፣ የእናቱ ወንድም ናቸው።

ለማን ልነግር እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ለማንም ልነግር አለመምጣቴን አስረዳኋቸው። የእንየውን ሞት ወንድሜ ያኔውኑ ለእናቱ አርድቷል፤ እኔ የምፈልገው እቤታቸው እንደነበረ እንዲመሰክሩልኝ ብቻ ነው አልኩ። 

«ማን ነገራት ብሎ ነገረህ?» አሉ አያ ሙላት። «እኅቴ ጥሩወርቅ ልጇ ሱዳን እንዳለ ነው የምታውቀው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ዘርዝረው ነገሩኝ። ጌትነት የእንየውን ሻንጣ ይዞ ሲመጣ ልክ እኔ የቆምኩበት አጥር ዘንድ ሽማግሌዎች አስቁመውታል። እማማ ጥሩወርቅ ያን ሰሞን ታመው ነበር። እንየው ደግሞ ብቸኛ ልጃቸው ነው። መርዶ የራሱ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ባለበት ነው የሚነገረው። እስኪሻላቸው ይቆይ ተባለ። ሲሻላቸው ደግሞ አረም ደረሰ። ኀዘን ከተቀመጡ ሰሊጡን ማን ያርመዋል? ከአረም በኋላ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ አጨዳው መጣ።

በዚህ መሀል እማማ ጥሩወርቅ የልጃቸው ጓደኛ መምጣቱን ሰምተው አስጠሩት። ልጄስ አሉት። ጌትነት የሚለው ጠፋው። እንየው ከጦሩ ጠፍቶ ሱዳን ተሻግሯል፣ ገዳሪፍ ነው፣ ይመጣል አላቸው። አንዴ ከአፉ ወጣ። አረሙን አረመላቸው። ሰሊጡን አጭዶ፣ አስሮ አቁሞ፣ ሲደርቅ አራገፈላቸው። መርዶው ሳይነገር ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ጡረታ ከወጣ በኋላም በየአጨዳው ይመጣላቸው ነበር። እኛን አብደራፊ ለመጋዘን ጥበቃ እሄዳለሁ ይለን ነበር።

አያ ሙላት ሲጨርሱ ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ ምንም ነው የምለው። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። እማማ ጥሩወርቅ ካልመሰከሩ ጌትነት እንደከዳ ይቀራል። እንዲመሰክሩ ደግሞ ለምን እንደመጣ መስማት አለባቸው። አያ ሙላት ያሰብኩትን ያወቁ መሰሉ።

«ለወረቀት ተብሎ መርዶ አይነገርም» አሉ። «ነገ በጠዋት ትሄዳለህ።»

የዚያን ማታ ግን እማማ ጥሩወርቅ ቤት ማደር ነበረብኝ። መልኬ የጌትነት ስለሆነ ያየኝ ሁሉ ይነግራቸዋል፤ ሳልገባ ብሄድ ይጠረጥራሉ። አያ ሙላት ጥቁሩን ልብሴን አስወለቁኝና በሩ ጀርባ ሰቀሉት። የራሳቸውን ነጭ ጀላቢያ፣ የሱዳኖችን ረጅም ቀሚስ፣ አለበሱኝ። እማማ ጥሩወርቅ ጌትነት እንዴት ነው ካሉኝ ደህና ነው እንድል አስጠነቀቁኝ።

እማማ ጥሩወርቅ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ፣ በጠፍር በተሠራው አልጋ፣ አንገሬቡ ላይ አስቀመጡኝ፣ የማሽላ እንጀራ ወይካ በሚሉት የደረቀ ባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ዝም ብዬ ስበላ ያዩኛል።

«ወንድምህ ይኼን ቤት በወሬ ነው የሚሞላው። አንተ ከማን ወጣህ?» አሉኝ።

የሌላ ሰው ነገር የሚያወሩ መሰለኝ። ጌትነት ሲያወራ? እሳቸው ግን ቀጠሉ። ሰሊጥ ሲያስር የአዛዦቹን አነጋገር እያስመሰለ እንዴት እንደሚያስቃቸው፣ ዶሮዎቹን በወታደር ማዕረግ እንደሚጠራ፣ አውራውን ሻለቃ እንዳለው። ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። አፌ ምንም አልከበደውም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የእሳቸው ልጅ ከጦር ከድቶ ሱዳን መቅረቱን፣ በዚህ ምክንያት ገበያ እንኳ ሲወጡ ሰው ፊት ቀና እንደማይሉ ነገሩኝ። ግን ጌትነት ይመጣል ብሏቸዋል። ጌትነት ካለ ይመጣል። ራሴን ነቀነቅሁ።

ጠዋት ልወጣ ስል፣ ቆይ አሉኝ። ከሣጥናቸው ሁለት አዲስ ኩታ አወጡ። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ጥለት አላቸው። አንዱን መልሰው አስቀመጡት፤ የእንየው ነው፣ ሲመጣ ይለብሰዋል። ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ይኼን ለጌትነት። በቁመት አንድ ናችሁ፤ እስቲ ልበሰውና ልየው።»

ተነሥቼ ለበስኩት።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደስታ ቀን የኩታና የነጠላ ጥለት ወደ ታች ይወርዳል። በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይሆናል። እኔ ከቀብሩ ጀምሮ በየማለዳው ነጠላዬን እንዲያ ነበር የምለብሰው። አሁንም እጄ የለመደውን ሠራ። አላወቅሁም። ለብሼ ቀና ስል እማማ ጥሩወርቅ አንገቴን እያዩ ነው።

ቀረብ ብለው ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ያዙት።

«ማን ሞቶብህ ነው?»

ዝቅ ብዬ ሳይ ያኔ ገባኝ። ልገለብጠው ብችልም እጄ አልተነሣም። አባቴ ሞቷል ልል እችል ነበር፤ እሱም አልመጣልኝም።

«ጌትነት ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ። ሞቷል» አልኩ።

ሞቷል የሚለውን ቃል በአፌ ያወጣሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ነበር የሚለው። እማማ ጥሩወርቅ ኩታውን እንደያዙ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያች ትንሽ ሴት ይወጣል አትሉም።

ያ መንደር ያንን ጩኸት ሲጠብቅ ሦስት ክረምት ሆኖታል። ከየቤቱ፣ ከየማሳው ሰው ሲሮጥ ይሰማኛል። ሁሉም መርዶው ተነገረ፣ እንግዳው ነገራት ብሎ ነው የሚሮጠው። መጀመሪያ የገባችው ጎረቤታቸው ናት። ጭቃ በጭቃ እንደሆነች ሁለት እጇን አንሥታ፣ ደረቷን እየመታች ገባች።

«ወይኔ እንየው! ወይኔ አንድ ለእናቱ!»

ሌሎቹም ከኋላዋ ተቀበሏት። እንየው፣ እንየው እያሉ ቤቱን ሞሉት።

እማማ ጥሩወርቅ መጮኻቸውን አቆሙ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ቀስ በቀስ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ፤ ጎረቤቲቱ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። በዚያ መሀል አያ ሙላት እያለከለኩ ደረሱ። የሆነውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«እንየውም?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። በቀስታ ነው ያሉት። ወንድማቸውን እያዩ።

አያ ሙላት እዚያው ደጃፉ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

መርዶው ይኸው ነበር። ሽማግሌ አልተሰበሰበም፤ ጎሕም አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች።

የዚያን ቀን የሁለት ሰው ለቅሶ ሆነ። አያ ሙላት የእንየውን ሻንጣ ከደበቁበት ጎተራ አወጡ። አንገሬቡን ግቢ አወጡና ልብሱን ዘረጉት፤ ከጎኑ ሁለቱን ኩታዎች አጥፈው አስቀመጡ። እማማ ጥሩወርቅ አንዴ እንየው፣ አንዴ ጌትነት እያሉ ያለቅሳሉ። አልቃሿ ጌትነትን በደንብ አታውቀውም መሰለኝ፤ ስትሳሳት እሳቸው እያቋረጡ ያስተካክሏታል። ሰሊጥ ሲያስር እንዲህ ነበር በይ ይሏታል። ሻለቃ ያለውን አውራ ዶሮ ሳይቀር አስገቡት። እኔ ጥቁሬን መልሼ ለብሼ ከአያ ሙላት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሰው እየመጣ ነፍስ ይማር ይለኛል። የመተማው ለቅሶ ላይ ያልሰማሁትን ወንድሜን እዚያ ነው የሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን እማማ ጥሩወርቅ ሽማግሌዎቹን አስጠሩ። እኔም ገባሁ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ አልጮኹም።

«ልጄ ከዳ ብዬ ሦስት ክረምት አንገቴን ደፋሁ» አሉ። «እሱ አፈር ለብሶ፣ እኔ አፍሬበት። ደብቃችሁ ያተረፋችሁልኝ ይኼንን ነው።»

 ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ለምን መጣህ? ለመርዶ እንዳልሆነ ጥቁርህን አስወልቀው ማስገባታቸው ይነግረኛል።»

ልናገር አልፈለግሁም። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ ስለ መዝገብ ማውራት አስነዋሪ መሰለኝ። የተናገሩት አያ ሙላት ናቸው። ጌትነት ያን ክረምት ስለቆየ ከዳ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ሜዳዩም እንደተሰረዘ፣ ምስክር አምጣ ሲባል ዝም እንዳለ፣ ዝም ያለውም ለምን እንደሆነ ነገሯቸው።

«እሱንም ከሐዲ አሰኛችሁት?» አሉና ተነሡ።

ሽማግሌዎቹ ኀዘንተኛ ሰባት ሳይሞላት ከቤት አትወጣም ብለው ለመኗቸው። አልሰሙም። በጭቃው ውስጥ ቀበሌው ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ እኛ ተከተልን። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው። ደንግጦ ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም። ግለሰቡ በተባለው ጊዜ የት እንደነበረና ለምን እንደቆየ ጠየቃቸው።

«ጻፍ» አሉት። «ጌትነት የትም አልጠፋም። እኔ ዘንድ ነበር። ሊነግረኝ የመጣውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ሰሊጤን ሲያርም ነበር።»

ልጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። እንዳለ ልጻፈው ብሎ ጠየቀ።

«እንዳለ። ልጄ እንየውም አልከዳም ብለህ ከሥር ጨምርበት። ሁለቱን አንድ ላይ።»

የእንየው ነገር መዝገቡን እንደማይመለከት ጸሐፊው ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። ጻፈው። እማማ ጥሩወርቅ አሻራቸውን አኖሩ፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተራ በተራ ፈረሙ።

ወረቀቱን ጎንደር አደረስኩ። ሴትዮዋ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ መዝገቡ ታረመ፤ ሜዳዩም ተሰጠን። አባቴ የጌትነትን ልብስ አልጋው ላይ መልሶ ዘረጋ። ሜዳዩን በልብሱ ደረት ላይ አኖረው። ለቅሶው ላይ ያወሩትን ሁለቱን ወታደሮች ብቻ ጠራ። ቆመው አዩ፤ አንደኛው እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ። አባቴ «በቃ» አለና ሁሉንም ሣጥን ውስጥ ቆለፈው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ትማራላችሁ ብባል እኔ አላውቅም። የቋራ ሽማግሌዎች ክፉ ናቸው እንዳትሉብኝ። ለአንዲት እናት አዝነው ነው፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ይደረጋል፤ እናንተም ሳታደርጉት አልቀራችሁም። ወንድሜም አዝኖላቸው ነው። ግን ያ ሁሉ ማዘን ተደምሮ እናትየው ጀግና ልጃቸውን በከሐዲ ቆጥረው ኖሩ፤ ወንድሜም ከሐዲ ተባለ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሞተን ሰው ሞተ ነው የምለው። ሰው ይቆጣኛል፤ አንዳንዴም ልክ ነው።

ሌላው የተለወጠው ነገር ሐምሌ ነው። ሐምሌ ሲመጣ መጋዘኑን አስፈቅጄ ወደ ገለጉ በሚሄደው መኪና ላይ እወጣለሁ፤ እየወረድኩ እገፋለሁ። የእማማ ጥሩወርቅን ሰሊጥ አርማለሁ። እሳቸው ማሳው ዳር ተቀምጠው አረም ትተህ አለፍክ፣ ጌትነት ቢሆን አይተውም ይሉኛል። ስለ እሱ ያወሩልኛል። እኔም አንዳንድ ቀን አወራለሁ።

ኩታውን መልሼ አልወስድም አሉኝ፤ የጌትነትን አንተ ልበሰው አሉኝ። እለብሰዋለሁ። እጄ ግን እስካሁን ጥለቱን ወደ አንገቴ ነው የሚወስደው። እሳቸው ካሉ መጥተው ወደ ታች ይመልሱታል። ከሌሉ እንደሆነው ይውላል።